እማማ ስንት ዓመት ኖሩ? ለአርባቸው ታሪካቸውን ለመጻፍ ለተነሳች የልጅ ልጅ

ጥያቄ፦
«ጤና ይስጥልኝ። አያቴ (ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም ሰበታ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። አርባቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሕይወት ታሪካቸውን የመጻፉን ሥራ ቤተሰቡ ለእኔ ሰጠኝ፤ ፎቶ ያለው መጽሔት ታትሞ በአርባው ቀን እንዲታደል ነው የተፈለገው። ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው መስመር ነው። ትልቁ አጎቴ ‹104 ዓመታቸው ነው፣ ሐውልቱም ላይ እንዲሁ ይቀረጻል› ይላሉ። አክስቴ የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥታ ‹1925 ይላል፣ 93 ነው› ትላለች። እማማ ራሳቸው ‹ጣልያን ሲገባ ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ከእናቴ ጋር ዱር ገባን› ይሉ ነበር። ለአክስቴ ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት እንደተወለዱ ነግረዋታል። በሕይወት ካሉት ሰባት ልጆቻቸው የመጀመሪያው ትልቁ አጎቴ ናቸው፤ የተወለዱት በ1937 ነው።

ሌላው፣ እማማ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጠላ እየሸጡ ነው። አጎቴ ‹ይኼ በሰው ፊት አይነበብም› ብለዋል። በእጃችን ያለው አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፎቶ፣ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ አንድ የድሮ ባለፍሬም ፎቶ፣ እንዲሁም እማማ ድምፃቸውን ቀድተው ውጭ ለሚኖረው ትንሹ አጎቴ የላኩለት ሁለት ካሴት ነው፤ ለቀብሩ ሲመጣ ይዞት መጣ። ከየት ልጀምር?
የልጅ ልጃቸው፣ ከሰበታ»

መልስ፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የእማማን ነፍስ ይማር።

መጀመሪያ የምንልሽ ነገር ቤተሰቡን ሳያስከፋ አይቀርም፦ መጽሔቱን ለአርባው አታድርሺው። ለአርባው አንድ ገጽ ይነበብ፤ መጽሔቱ ለሙት ዓመታቸው፣ ለጥር 2019 ይቆይ። የእማማን የመጀመሪያ አርባና አምሳ ዓመት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋል፤ አንዱ ወሊሶ፣ አንዷ አቃቂ፣ ሌላዋ እዚያው ሰበታ ከቤት ብዙ ሳትወጣ ትኖር ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጡት በአርባው ነው። ተጠርዞ ያለቀ ነገር ካደልሻቸው አገላብጠው ያዩና «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይዘውት ይሄዳሉ። ባዶ ደብተር ይዘሽ ከጠበቅሻቸው ግን ይነግሩሻል። በችኮላ የሚታተም የቤተሰብ መጽሔት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለው ዘመድ የተናገረው ብቻ ይገባና፣ ታትሞ ከተበተነ በኋላ አንዲት ባልቴት ከጥግ «ኧረ እሷስ እንዲህ አይደለም» ትላለች።

አሁን ወደ ዕድሜው። መታወቂያው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፤ የእማማ እኩዮች የልደት ወረቀት ኖሯቸው አያውቅም። መታወቂያው ላይ ያለው ዓመት እማማ አንድ ቀን ቀበሌ ቀርበው የገመቱት ወይም ጸሐፊው ፊታቸውን አይቶ የሞላው ሊሆን ይችላል። (ለሞት ምስክር ወረቀትና ለውርስ ጉዳይ ግን 1925ን አትንኩት። ሰነድ ከሰነድ ካልገጠመ ወራሾቹን ያመላልሳል። የመንግሥቱ ወረቀት አንድ ዓመት፣ የቤተሰቡ ታሪክ ሌላ ዓመት ቢይዝ ችግር የለውም።)

ዕድሜ የሚገኘው ከቁጥር ሳይሆን ከክስተት ነው፤ አንቺ ደግሞ በእጅሽ ሦስት ጥሩ ክስተቶች አሉ። የመጀመሪያው ጣልያን ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ሕፃን አዝላ ዱር የምትገባ ልጅ ብታንስ ስድስት፣ ብትበዛ ዐሥር ዓመት ይሆናታል ብንል፣ እማማ የተወለዱት ከ1918 እስከ 1922 ባለው ጊዜ ነው። የመታወቂያው 1925 እዚህ ላይ ወደቀ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ራሷ ትታዘላለች እንጂ ሰው አታዝልም። የአጎትሽም 104 ይነቃነቃል። በእሳቸው ስሌት እማማ በ1928 የ14 ዓመት ልጃገረድ ናቸው፤ በዚያ ዘመን በዚያ ዕድሜ ወንድም ከማዘል ይልቅ መዳር ይቀርባል።

ሁለተኛው ክስተት የአጎትሽ ልደት ነው። በ1920 የተወለደች ሴት በ1937 የ17 ዓመት እናት ናት፤ ለዘመኑ የተለመደ ነው። በ1925 ከሆነ የ12 ዓመት እናት ትሆናለች። በ1914 ከሆነ ደግሞ 23፤ ይህ የሚያስኬደው ከአጎትሽ በፊት ተወልደው የሞቱ ልጆች ከነበሩ ነው። ይህን መጠየቅ አለብሽ፤ ነገር ግን በድንኳን ውስጥ፣ በሰው መሀል አይጠየቅም። አክስትሽን ለብቻዋ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እጇ ሥራ እንደያዘ ጠይቂያት። ብዙ እናቶች የሞቱባቸውን ልጆች ለወንድ ልጆቻቸው አይናገሩም፤ ለሴቷ ግን አንድ ቀን ይነግሯታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠነከረው ነው፦ ዘመነ ዮሐንስ። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ይዞራሉና ስሌቱ አያስቸግርም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረሽ ለአራት አካፍይው። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1920 ሲደመር 5500 እኩል 7420፤ ለአራት ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ከ1918 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት ውስጥ ዘመነ ዮሐንስ እሱ ብቻ ነው፤ ቀዳሚው 1916፣ ተከታዩ 1924 ነው፣ ሁለቱም ከክልላችን ውጭ ናቸው። ስለዚህ 1920። ጣልያን ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አጎትሽ ሲወለዱ የ17 ዓመት እናት። ሦስቱም ክር አንድ ቦታ ተቋጠረ።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። «ኪዳነ ምሕረት» ሲሉ ዓመታዊዋን የየካቲት 16ን ነው ወይስ የየወሩን 16? አክስትሽ ይህን ታስታውስ እንደሆነ ጠይቂ። የካቲት 17 ቀን 1920 ከሆነ እማማ ያረፉት 98ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ወር ሲቀራቸው ነው፤ ኅዳር 17 ከሆነ ደግሞ 98 ዓመት አልፏቸዋል። የክርስትና ስማቸውን ለፍትሐት የነገራችሁት ቄስ ያውቁታል፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳውና፣ የተነሱበትን በዓል የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ 80 ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማመሳከር ይቻላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ለውጭ አገሩ አጎትሽ ነው። የካቲት 1920 በእኛ፣ በፈረንጅ 1928 ነው፤ 1928 በእኛ ደግሞ ጣልያን የገባበት ዓመት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ያለ «ዓ.ም» እና ያለ «እ.ኤ.አ» ከተጻፉ የቤተሰቡ ግማሽ እማማ ወረራው በተጀመረበት ዓመት ተወለዱ ብሎ ያነባል። በፎቶዎች ጀርባ ያሉትን ዓመቶች ስትገለብጪም ተጠንቀቂ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው።

የቀረውን ሕይወታቸውንም እንዲሁ በክስተት ጥሪው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለሽ ሽማግሌ አትጠይቂ፤ ደስ ይበልሽ ብለው አንድ ቁጥር ይጥሉልሻል። «ጃንሆይ ከስደት ሳይመለሱ ነው ከተመለሱ በኋላ?» በዪ፤ 1933 ነው። «ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው?» 1953 ነው። «መሬት ላራሹ ሲታወጅ እዚህ ቤት ነበራችሁ?» የካቲት 1967 ነው። «ትርፍ ቤት ሲወረስ?» ሐምሌ 1967። «መሠረተ ትምህርት ሲገቡ ከልጆቻቸው ማን ማን ቤት ነበር?» ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1971 ነው፤ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት ካለ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይገኝ ይሆናል። «ጣልያን ሲገባ» ግን በየቦታው የተለያየ ትርጉም እንዳለው አትርሺ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም ዙሪያው ገጠር ወዲያው ጸጥ አላለም፤ እማማ ዱር የገቡት በ1929 ሊሆንም ይችላል። በእኛ ስሌት ላይ አንድ ዓመት ቢጨምር የሚለወጥ ነገር የለም፤ ዘመነ ዮሐንስ ይዞታል።

ወረቀት ደግሞ ከምታስቢው በላይ አለ። የሴቶች ዕድር መዝገብ እማማ የገቡበትን ቀን ይይዛል፤ ጸሐፊዋን ቀድመሽ አነጋግሪ። የጽዋ ማኅበር፣ የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ሁሉም ዓመትና ፊርማ አለው። በእጅሽ አትሰብስቢ፤ ባለቤቱ ጋ ሆነሽ በስልክ ፎቶ አንሺና መልሺ። የተዋሱት ሰነድ ሳይመለስ ቀርቶ ጠብ የተነሳበት ቤተሰብ ብዙ ነው።

የአርባውን ቀን እንቁጠር። ያረፉበትን ቀን አንድ ብለን ስንጀምር አርባው የካቲት 29 እሑድ ላይ ይውላል፤ ካህኑ ያረጋግጡላችሁ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ስለ ሰንጋው መጨቃጨቅ ቀርቷል። እሑድ መሆኑም በጅቷችኋል፤ በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰው ተርቦና ተቻኩሎ ነው የሚመጣው፣ እሑድ ግን ጠዋት ተቀድሶ ረፋዱ ላይ ይበላል። ከምግቡ እስከ መሄጃቸው ሁለት ሰዓት ያህል አለሽ።

ለዚያ ሁለት ሰዓት የምታዘጋጂው ይህን ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ያሉባቸውን ፎቶዎች ለይተሽ በኤ4 ወረቀት አስፍተሽ አሳትሚ፤ የሽማግሌ ዓይን ትንሿን ፎቶ አያነብም፣ ዋናውም በሽሮ እጅ አይነካካም። እያንዳንዱን ቁጥር ስጪው። የሚሉሽን በደብተር ላይ በዚያው ቁጥር ጻፊ፣ ማን እንዳለውም ጨምሪ። ሁለት ሰዎች በአንድ ፎቶ ላይ የተለያየ ስም ቢሰጡ ሁለቱንም መዝግቢ፤ ዳኛ አትሁኚ።

ድምፅ የምትቀጂው በድንኳኑ ውስጥ አይሆንም። አንድ አንድ እያልሽ ወደ ውስጥ ክፍል ውሰጃቸው። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጊው፤ አለዚያ ለቅሶ ለመድረስ የሚደውል ሰው ቅጂውን ይቆርጠዋል። በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፤ የተጣጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከተናጋሪው አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት። ጠረጴዛ ላይ ካረፈ የእያንዳንዱ ሲኒ ኳኳታ ከድምፁ በላይ ይሰማል። ቡና እየተወቀጠ አትጀምሪ፤ አቦል ወርዶ ሰው ፀጥ ሲል ነው ጊዜው። ቅጂውን በስም፣ በቀንና በቦታ ክፈቺ፦ «ዛሬ የካቲት 29 ቀን 2018፣ ሰበታ፣ ከእትዬ እገሊት ጋር»። ከአርባ ደቂቃ በላይ አታቆያቸው።

«ስለ እማማ ይንገሩኝ» ካልሽ «ደግ ነበረች፣ እናት ነበረች» የሚል መልስ ታገኛለሽ፤ እውነት ነው፣ ግን ምንም አይዝም። ጠባብ ጥያቄ ጠይቂ። እማማ እዚህ ቤት ሲገቡ ጣሪያው ሣር ነበር ቆርቆሮ? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሚሠሩት ምን ነበር? ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? የማን ሠርግ ላይ አልሄዱም? የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ብዙ ትከፍታለች።

ከእማማ እኩዮች መካከል አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው አሉ፤ ሰበታ ነውና። አማርኛ አስገድደሽ አታናግሪያቸው። ቋንቋውን የሚችል የልጅ ልጅ ይጠይቅ፤ የተናገሩትም መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ይጻፍ፣ አማርኛው ከሥሩ ይግባ። እማማ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በየትኛው ቋንቋ ይቀልዱ እንደነበር ራሱ የታሪካቸው አካል ነው።

ስለ ጠላው ከአጎትሽ ጋር አንስማማም። አጎትሽን የሚያውቅ የዕድር ሰው ሁሉ የእናታቸውን ጠላ ጠጥቷል፤ ከማን ነው የሚደበቀው? ነገር ግን በክርክር አታሸንፊያቸውም። ወደ እሳቸው ሄደሽ «ለጠላው ውኃ ማን ነበር የሚያመላልሰው?» ብለሽ ጠይቂ። በኩር ልጅ ናቸው፣ መልሱን ታውቂዋለሽ። በሳምንት ስንት ጋን ይጠመቅ ነበር? ገበያው ቅዳሜ ነበር ወይስ ሌላ ቀን? ጌሾው ከማን ይገዛ ነበር? አንዱ ጣሳ በስንት ይሸጥ ነበር? የማንን ትምህርት ቤት ክፍያ ሸፈነ? ከዚያ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «በሳምንት ሁለት ጋን ጠላ እየጠመቁ ሰባት ልጆች አስተማሩ፤ ውኃውን የበኩር ልጃቸው ከወንዝ ያመላልስ ነበር።» ቁጥሩንና ወንዙን አንቺ ታስተካክዪዋለሽ። ይህን በጽሑፍ ያዩ ልጅ እንቢ ሲሉ እምብዛም አይታይም። እንቢ ካሉም በአርባው ቀን ይለፍ፤ እስከ ጥር ጊዜ አለሽ።

እዚህ ላይ ግን በዚህ ሳምንት ካልተሠራ የሚያልፍ ነገር አለ። አክስትሽ ለአርባው ጠላ መጥመቋ አይቀርም፤ ጥንስሱም አሁን መጣል አለበት። የእማማን እጅ የምታውቀው እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ መለኪያዋም ጣሳ፣ እፍኝና ዓይን ነው። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ተውሰሽ አጠገቧ ተቀመጪ። እያንዳንዱን ነገር ጋኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መዝኚው፤ ከገባ በኋላ አይመዘንም። ጣሳውን ለየብቻ መዝኚ፤ አንድ ጣሳ ብቅልና አንድ ጣሳ የተወቀጠ ጌሾ ክብደታቸው አይገናኝም። ከዚያ ደረጃዎቹን ከቀኑ ጋር ጻፊ፦ ጋኑ በግራዋ ስንት ጊዜ ታጠበ፣ በወይራ ምን ያህል ታጠነ፣ ጌሾው ቅጠል ነው እንጨቱ የተቀላቀለበት፣ ጥንስሱ ስንት ቀን ቆየ፣ ብቅሉና ቂጣው መቼ ገባ፣ አሻሮው ምን ያህል ጠቆረ፣ ድፍድፉ ስንት ቀን አደረ፣ ውኃው መቼ ተሞላ። የአሻሮውን ቀለም በቃል አትግለጪው፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው። አክስትሽ «እስኪበቃው» ስትል «ምን አይተሽ ነው በቃው የምትዪው?» በያት፤ አረፋው ነው፣ ሽታው ነው፣ ድምፁ ነው? ከኮመጠጠም ለምን እንደኮመጠጠ አስነግሪያት፤ ብዙ ጊዜ ጋኑ በደንብ አልታጠነም ወይም አፉ በደንብ አልታተመም። ይህ ገጽ በመጽሔቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚነበብ ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ፎቶዎቹ። መስታወቱ ላይ የተጣበቀውን ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ምስሉ የተሳለበት ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀርና ነጭ ወረቀት ብቻ ይተርፋችኋል። ከነመስታወቱ ይነሳ። መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገሽ አንሺ። ነጸብራቅ ካለ ፎቶውን ሳይሆን የቆምሽበትን ቦታ ቀይሪ፤ ከኋላሽ ጥቁር ጨርቅ መያዝም ይረዳል። የካርቶኑን ፎቶዎች በስካነር ከሆነ ትልልቆቹን በ300፣ ጉርድ ፎቶዎችን ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ ነው) አስነሺ። ጀርባቸውንም አስነሺ፤ የስቱዲዮው ማህተም አንዳንዴ ከፊቱ ይበልጣል። ዘመዶች ሲልኩልሽ በቴሌግራም «ፋይል» አድርገው ይላኩ፣ እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና ለሕትመት አይበቃም። በጀርባ ላይ ስም የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ ነው፤ እስክሪብቶ ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ያሳልፋል።

ካሴቶቹን ገና ማንም አያጫውት። መጀመሪያ ከላይ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ የሚነካ ሰው የእማማን ድምፅ ሊያጠፋ አይችልም። በመስኮቷ በኩል ክሩን ተመልከቺ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ለባለሙያ ይተው። ከፊት፣ ክሩ በሚታይበት መሀል፣ በመዳብ ምላስ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖንጅ መሳይ ነገር አለች፤ ከወደቀች ድምፁ ታፍኖ ይሰማል፣ ከሌላ ካሴት ወስዶ መተካት ይቻላል። የካሴት ማጫወቻ (ቴፕ) የምትበደሪበት ቤት ካለ፣ ክሩን የሚያነበውን የማጫወቻውን ራስ (ሄድ) በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጊ፣ ሲደርቅ የማይፈለግ ካሴት አስገብተሽ ፈትኚው። ክር የሚበላ ቴፕ በመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ከሆነ ክሩ ቀጭን ነውና ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር እያስገባሽ አንዴ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫውቺ። ስልክን ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አድርገሽ ከቀዳሽ የክፍሉን ማስተጋባት ነው የሚቀዳው። ክሩ ከተጠላለፈ ወዲያው አጥፊ፣ አትጎትቺ፤ በእርሳስ ቀስ ብለሽ መልሺው። ቅጂውን በሦስት ቤት አስቀምጪ፣ አንዱ ውጭ አገር ይሁን።

አሁን ያቺ አንድ ገጽ። ጮክ ብሎ ሲነበብ ከአራት ደቂቃ አይለፍ፤ በኮምፒውተር ከተጻፈ ከ350 እስከ 400 ቃል ነው። ድንኳን ውስጥ ከዚያ በላይ የሚያዳምጥ ሰው የለም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብለሽ መጀመርሽ ጥሩ ነው፤ አሮጌዎቹ ዘመዶች ዘራቸውን የሚለዩት በዚያ ነው፣ የአያት ስምም ጨምሪበት። ከዚያ በኋላ ግን «ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን ተራ በተራ ሰርዢው። ይህ ሐረግ በየቀብሩ ለሁሉም ይነበባል። «እንግዳ ተቀባይ» በነበረበት ቦታ ማን እንደተቀበሉ አስገቢ፤ ከአገር ቤት መጥታ ለትምህርት ስንት ዓመት ቤታቸው የኖረች የእህት ልጅ ካለች፣ ስሟንና ዓመቱን ጻፊ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንቱታ ይሁን፤ ሕፃንነታቸው ላይ «ተወለደች»፣ ትዳራቸው ላይ «አገቡ» እያለ የሚዘል ጽሑፍ ጆሮ ይቆረቁራል። የሞቱ ልጆች ከነበሩና አክስትሽ ከፈቀደች «ከወለዷቸው ልጆች ሰባቱ በሕይወት አሉ» ማለት ይበቃል። ዕድሜውን «በ1920 ዓ.ም፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት እንደተወለዱ ይነገራል» ብለሽ ጻፊው፤ የዓመቱን ቁጥር ሰው ራሱ ያስላው። ከመነበቡ በፊት ለአጎትሽና ለአክስትሽ ለየብቻ ስጪያቸው። አንድ ላይ ከሰጠሻቸው በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በቆየ ነገር ላይ ነው የሚከራከሩት። አንባቢው ደግሞ የሚያለቅስ ሰው አይሁን፤ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ይሻላል።

ሐውልቱን በተመለከተ፣ አጎትሽ ክረምቱ እስኪያልፍ ይታገሡ። አዲስ መቃብር አፈሩ ይወርዳል፤ ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተጫነው ድንጋይ ያጋድላል ወይም ይነቃል። ከጥቅምት በኋላ ይሠራ። መጠኑን አስቀድሞ ሰበካ ጉባኤውን መጠየቅ ነው፤ ተቀርጾ ከመጣ በኋላ ‹ይጠር› ቢባል ገንዘቡ አይመለስም። ጽሑፉ ላይ ስም፣ የክርስትና ስምና ያረፉበት ቀን ይበቃል። በልደቱ ዓመት ላይ እስከ ጥር ካልተስማማችሁ ባዶ ይተው፤ በኋላ መጨመር ይቻላል፣ የተቀረጸ 104ን መፋቅ ግን አይቻልም።

መጽሔቱ ለማተሚያ ቤት ሲሄድ በፒዲኤፍ ይሁን፣ ፊደሉ በውስጡ የታሸገ። በድሮ የግዕዝ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ይህንንም አታሚው ላያስተውለው ይችላል። በስቴፕል የሚታሰር ከሆነ የገጹ ብዛት በአራት የሚካፈል ይሁን፤ 24 ወይም 28 ለእናንተ ይበቃል። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ አስወጡና ለአክስትሽ አስነብቢያት፣ በተለይ የጠላውን ገጽ።